የክሩገርን ፓርክ በራሳችን መኪና አየነው፤ እናንተስ የደቡቡን ጫካ እንዴት አያችሁት?

ሰብለ_ጆበርግ

ሰላም ቤተሰብ። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ከገባሁ 12 ዓመቴ ነው። በ12 ዓመት ውስጥ የማውቀው ጫካ የጄፒን፣ የጆበርጉን የሀበሻ ገበያ፣ የሰው ጫካ ብቻ ነበር። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። ደንበኞቼ "ክሩገር ሄደሽ አታውቂም እንዴ?" ሲሉኝ "አንበሳ እንደሆነ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ጠግቤ ነው ያደግኩት" እያልኩ አልፋቸው ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እህቴ ከነባሏና ከነሁለት ልጆቿ ከሜሪላንድ መጣችብኝ። ልጆቹ ገና ኤርፖርት ላይ "ዝሆን መቼ ነው የምናየው?" አሉ። ምን ላድርግ፣ ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ ተነሳን። ሌሊት 7 ሰዓት ከጆበርግ ወጥተን፣ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነድተን፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፋቤኒ የሚባለው የፓርኩ በር ሲከፈት ደረስን። መኪናዋ የኔው አሮጌ ኮሮላ ናት። "ፎር ባይ ፎር ካልያዝሽ አትሞክሪው" ያላችሁኝ ሁሉ ተሳስታችኋል። ዋና ዋናው መንገድ ከሰፈሬ መንገድ የተሻለ አስፋልት ነው።

የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን አባከንነው። ጥፋተኛው የእህቴ ባል ነው። ስልኩ ላይ "እዚህ ጋ አንበሳ ታይቷል" እያለ የሚጠቁም ነገር ጭኗል። ስልኩ ጢው ባለ ቁጥር መሪውን ያዞራል። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ስለሆነ 50ዋን አክብሮ ይነዳል፤ ልቡ ግን 120 ላይ ነው። አንዴ እንደምንም ደረስንበት። 14 መኪና ተኮልኩሏል። ያየነው የመኪና ቂጥና ከሳር ውስጥ ብቅ ብላ የጠፋች አንዲት ጆሮ ነው። ትንሹ ልጅ "አንበሳ ይሄ ነው?" አለ።

ለምሳ ንኩህሉ የሚባለው የሽርሽር ቦታ ቆምን። እዚያ ከመኪና መውረድ ይፈቀዳል። እኔ ሞኝ፣ ማታ የሠራሁትን ዶሮ ወጥና እንጀራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጦጣዋ ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ። አንድ ሙሉ እንጀራ ከነጥቅሉ አንስታ ዛፍ ላይ ወጣች። ቁጭ ብላ ፈታችው። አሸተተችው። ጫፉን ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች፤ ሳይኮመጥጣት አልቀረም። ወዲያ ስትወረውረው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ነጠላ ተሰጥቶ ቀረ። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዝሆኑ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከንኩህሉ ወጥተን በወንዙ ዳር ወደምናድርበት ካምፕ ወደ ሎወር ሳቢ ስንሄድ፣ መታጠፊያውን ስንዞር መንገዱ መሀል ቆሟል። ብቻውን ነው። አንዱ ጥርሱ ጫፉ ላይ ተሰብሯል። ከዓይኑና ከጆሮው መሀል ጥቁር እርጥብ መስመር በጉንጩ ላይ ወርዷል፤ ያለቀሰ ይመስላል። የኋላ እግሮቹ በውስጥ በኩል ረጥበዋል። መስኮቱ ዝግ ሆኖ ሽታው ገባ። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቁርጥ የወጠጤ ሽታ።

የገረመኝ ሲራመድ ኮቴው አለመሰማቱ ነው። ያ ሁሉ ክብደት እየመጣ የሚሰማው የደረቀ ቅጠል ሲሰባበር ብቻ ነው። የእህቴ ባል ጥሩምባ ሊነፋ እጁን ሲያነሳ እህቴ እጁን በጥፊ አለችው። ወደኋላ መንዳት ጀመርን። እኛ ወደኋላ፣ እሱ ወደፊት፣ ሳይቸኩል። ስንት ሜትር እንደሄድን አላውቅም፤ ለኔ ከጆበርግ የመጣንበትን ያህል ነው። በመጨረሻ ደርዘን ሰው የሚያክል ቁጥቋጦ ገነጣጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ። መኪና ውስጥ ለብዙ ደቂቃ ማንም ቃል አልተነፈሰም። የልጆቹ ፀጥታ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል።

ማታ ካምፕ ውስጥ ሥጋ ስንጠብስ ጅብ አጥሩን ታክኮ ይመላለሳል። እህቴ "ቁርበት አንጥፉልኝ ሊል ነው" አለች። እዚህ እንኳ የማያውቁት አገር የመጣነው እኛ ነን።

አሁን ጥያቄዬ። በሚቀጥለው ክረምት ልንደግመው አስበናል። ቦትስዋና ይሻላል? ናሚቢያ? ወይስ እዚሁ? የሄዳችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ፤ የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ያለውንማ እኔም አነባለሁ።

ጋሽ_ሹፌሩ

ልጄ ሰብለ፣ ፕሪቶሪያ ተቀምጬ ቱሪስት ሳመላልስ 20 ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ልቆጣሽ። ልጅ ጭናችሁ ሌሊት ለምን ነዳችሁ? ወደ ፓርኩ ስትቃረቡ ከብቱም ፍየሉም አስፋልት ላይ ነው የሚተኛው። በዋዜማው ሄዳችሁ በሩ አጠገብ ብታድሩ ምን ነበረበት?

ዝሆኑን በተመለከተ እህትሽ ባሏን የመታችው ጥፊ የሁላችሁንም ነፍስ አትርፏል። ያ ጥቁር መስመር እንባ አይደለም። ወንድ ዝሆን ለሴት ሲነሳሳ ከዓይኑ ጎን ካለው እጢ የሚወርድ ፈሳሽ ነው። እግሩ መርጠቡም፣ ወጠጤ ወጠጤ ማለቱም ከዚሁ ነው። ያን ጊዜ ደሙ ፈልቷል፤ ማንንም አይሰማም። ጥሩምባ ነፍተሽ፣ መብራት አብርተሽ፣ ሞተር አስጮኸሽ የምታሸንፊው ነገር አይደለም። ገና ከሩቅ ስታዪው ቆም ብለሽ መንገዱን ልቀቂለት። መንገዱ የሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አንበሳው። "አምስቱ ታላላቅ" የሚሉት ዝርዝር፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ አውራሪስና ጎሽ፣ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? የድሮ አዳኞች ናቸው ያወጡት። በእግር አድኖ ለመግደል የሚያስቸግሩትን አምስቱን ነው የቆጠሩት። ዛሬ ካሜራ ይዘሽ የሞተ ፈረንጅ አዳኝ ዝርዝር እየሞላሽ ለምን ትሯሯጫለሽ? አንበሳ እንደሆነ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል። ያቺ ጆሮ ብቅ ማለቷም ዕድል ነው።

እኔ ደንበኞቼን የት እንደምወስዳቸው ልንገርሽ። ካደራችሁበት ሎወር ሳቢ አፍንጫ ሥር ሰንሴት ዳም የሚባል ኩሬ አለ። አልፋችሁት ነው ያደራችሁት። ሞተሩን አጥፍቼ አንድ ሰዓት ምንም ሳልናገር እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ድንጋይ ብቻ ይመስላል። ቆይቶ ድንጋዩ ይተነፍሳል፤ ጉማሬ ነው። ጉማሬው ጀርባ ላይ ኤሊዎች ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲሰምጥ እነሱም እንደ ገንዘብ ዝርዝር ውሃው ላይ ይራገፋሉ። ተመልሶ ብቅ ሲል ተመልሰው ይወጡበታል። አንድ ጊዜ አንድ የጀርመን ሽማግሌ ይህን እያዩ እንደ ሕፃን ሲስቁ ውለው፣ በማግስቱ "አንበሳውን ተወው፣ ወደ ኤሊዎቹ መልሰኝ" አሉኝ።

ቆጣቢው

ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ጥያቄ አለኝ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ለነዳጅ፣ ለመግቢያ፣ ለማደሪያ ያወጣችሁትን ደምራችሁታል? እኛ እዚህ የመጣነው ለመሥራት ነው። ያ ገንዘብ አገር ቤት ቢላክ የስንቱን ችግር ይፈታል። ጅብ ለማየት ራንድ መክፈል ለኔ አይገባኝም። ጅብ እኛ ሰፈር በነፃ ነው።

ሰብለ_ጆበርግ

ቆጣቢው ወንድሜ፣ ደምሬዋለሁ። እኔ እንደ ነዋሪ መታወቂያዬን አሳይቼ ነው የከፈልኩት። እነ እህቴ በውጭ ዜጋ ሂሳብ ስለገቡ የእጥፍ እጥፍ ከፍለዋል፤ ያም ሆኖ አምስታችን ሁለት ቀን ያወጣነው ባለፈው ዓመት ለአንድ ሠርግ ልብስና ስጦታ ካወጣሁት ያነሰ ነው። ሠርጉ ላይ ደግሞ ዝሆን አልነበረም።

አገር ቤትም እልካለሁ። 12 ዓመት ልኬያለሁ። ሁለት ቀን ለራሴ ብወስድ ማን ይቀየመኛል?

የሜሪላንዷ_እህት

ሰብልዬ ይህን ውይይት ላከችልኝ፤ መልስ የመስጠት መብቴን እጠቀማለሁ።

አንደኛ፣ እንጀራውን ያስወሰደችው ራሷ ናት። "ጦጣ እንጀራ አይበላም" ብላ ሳህኑን ክፍት ያደረገችው ማን ሆነና። ሁለተኛ፣ ባሌን በጥፊ አልመታሁትም። እጁን ነካ አደረግኩት። ሦስተኛ፣ ባሌ ያንን የስልክ ነገር አጥፍቶታል፤ እባካችሁ አትሳቁበት።

ለጋሽ ጥያቄ አለኝ። በሁለተኛው ቀን አውራሪስ አይተን ነበር። አፍንጫው ላይ ቀንድ የለም፤ በመጋዝ የተቆረጠ ጉቶ ብቻ ነው። ልጄ "ታሞ ነው ወይ?" አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ጋሽ_ሹፌሩ

አልታመመም ልጄ። ቀንዱን የቆረጡት የፓርኩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አደንዝዘው ነው የሚቆርጡት፤ አያመውም። የአውራሪስ ቀንድ አጥንት የለውም። እንደ ጥፍራችን ያለ ነገር ነው፤ ሥሩ ካልተነካ መልሶ ያድጋል። ቀንድ የሌለውን አውራሪስ አዳኝ ጥይት አያባክንበትም በሚል ሂሳብ ነው። ጉቶውም ቢሆን ዋጋ ስላለው ሙሉ በሙሉ አያድንም።

በ2014 ብቻ በዚህ አገር 1,215 አውራሪስ በአዳኝ ተገድሏል። ክፉ ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወርዷል፤ ግን አንዱ ምክንያት የሚገደለውም ማነሱ ነው። ስለዚህ አደራ፣ አውራሪስ ያያችሁበትን ቦታ ፌስቡክም ሆነ ሌላ ላይ አትለጥፉ። ፎቶው ይለጠፍ፤ የቆማችሁበት መንገድና የውሃ ጉድጓዱ ስም ግን ይቅር። እናንተ ለወዳጅ ያላችሁትን አዳኙም ያነበዋል። ያ የስልክ ነገር የማልወደውም ለዚህ ነው። ባልሽ አልተቀየመኝም መቼም።

ሐይፋ_ነኝ

ከእስራኤል ነው የማነብባችሁ። ክሩገር ከምኖርበት አገር ብዙም እንደማያንስ አሁን ካርታ ላይ አይቼ አፌን ያዝኩ። ሁለት ቀን አያንስም?

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ነብር ስትሉ የትኛውን ነው? ልጆቼ ባለ መስመሩን ነው ነብር የሚሉት።

ጋሽ_ሹፌሩ

ባለ መስመሩ የእስያ ነው፤ አፍሪካ ጫካ ውስጥ የለም። እኛ ከጥንት ነብር የምንለው ነጠብጣብ ያለውን፣ ዛፍ ላይ ሥጋ የሚሰቅለውን ነው። ቀጠን ብሎ ከዓይኑ ወደ አፉ ጥቁር መስመር የወረደበት ደግሞ አቦሸማኔ ነው። ሁለት ቀን ያንሳል፤ እውነትሽን ነው።

ዊንድሁክ_ነኝ

ሰብለ፣ እኔ ለናሚቢያ ልከራከር። ኢቶሻ የሚባለው ፓርክ ውስጥ ኦካውኩዌጆ የሚባል ካምፕ አለ። ካምፑ ውስጥ፣ ከማደሪያሽ በእግር ሁለት ደቂቃ፣ የውሃ ጉድጓድ አለ። በዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው የሚለያችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ያለ መብራት ይበራበታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢሽን ተከናንበሽ መቀመጥ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ከሄድሽ ጋቢው የግድ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

እኔ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ቀጭኔ መጣች። ውሃው ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ሁለት እርምጃ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ትመለሳለች። ምክንያቱ ስትጠጣ ይገባሻል። የፊት እግሮቿን እንደ ቀስት በርግዳ፣ ያንን ሁሉ አንገት ዝቅ ስታደርግ ከመሮጥ ውጪ ናት። አንበሳ የሚጠብቀው ያቺን ሰዓት ነው።

ከዚያ ከጨለማው ጥቁር አውራሪስ ወጣች፤ ከኋላዋ ግልገሏ። ከውሃው ማዶ ሌላ ወንድ ቆሞ ነበር። ፉክክር ጀመሩ፤ ትነፋለች፣ ይነፋል። ዱቄት ወንፊት ላይ ሲመታ ያለ ድምፅ ነው። ግልገሉ እናቱ ሆድ ሥር ገብቶ እሱም በአቅሙ ነፋ። ግንቡ ላይ የተደረደርነው ወደ 40 ሰው ትንፋሻችንን ዋጥ አደረግን። አንዲት ሴትዮ ብስኩት ከፍታ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሁሉም ሰው ዞሮ አያት፤ አሳዘነችኝ።

ቀን ላይ ደግሞ ነጩ የጨው ሜዳ አለ። 4,800 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሆን ባዶ ነጭ ነገር። ዳሎል የሄደ ሰው ትንሽ ይገባዋል። አንዲት ሰጎን ጫፉ ላይ ስትሄድ አየሁ፤ ሙቀቱ እግሯን በልቶባት በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ነው የምትመስለው።

አዋሽ_ሰባት

ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጭ። አዋሽ ፓርክ ሳላ የለም? ጋምቤላ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በመቶ ሺህ ሆነው ወደ ደቡብ ሱዳን ሲሻገሩ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ባቢሌ ዝሆን አለን። ልክ ነው፣ መንገዱ ሸካራ ነው፣ የውሃ ጉድጓዱ መብራት የለውም፣ አንዳንዴም የሚታየው ከብት ብቻ ነው። ግን መጀመሪያ የራስን።

ዊንድሁክ_ነኝ

ወንድሜ፣ የራስን የጠላ የለም። ልዩነቱ እዚህ መጤ ሆነህ፣ ያለ መሪ፣ ካርታ ገዝተህ፣ በአሮጌ መኪና ገብተህ መውጣት መቻልህ ነው። አገር ቤት ያለ ጠባቂና ያለ ላንድክሩዘር ስንት ቦታ ትገባለህ?

ናፍቆት_ጋቦሮኔ

ቦትስዋናን ያነሳ የለም? እንግዲህ እኔ ላንሳት።

ዝሆን ከሆነ የፈለግሽው፣ እዚህ 130 ሺህ ግድም አለ፤ ከየትኛውም አገር በላይ። ሰዉ ከዝሆን ጋር እየተጋፋ ነው የሚኖረው። በ2024 ጀርመኖች አዳኞች ለመታሰቢያ የሚያመጡት የአውሬ ጭንቅላት ወደ አገራችን መግባቱን ልንገድብ ነው ሲሉ የያኔው ፕሬዚዳንት ማሲሲ "እንግዲያው 20 ሺህ ዝሆን ልላክላችሁና አብራችሁ ኑሩ" ብለው ነበር። ዓለም ሳቀ። የማሽላ እርሻው በአንድ ሌሊት የተበላበት ገበሬ ግን አልሳቀም።

ካሳኔ የምትባለው ከተማ ሂጂና በማታ ጀልባ ቾቤ ወንዝ ላይ ውጪ። መሀሉ ላይ ሰዱዱ የምትባል ሳር ብቻ የሆነች ደሴት አለች። ቦትስዋናና ናሚቢያ የኔ ናት የኔ ናት ብለው ሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰውባት በ1999 ለቦትስዋና ተፈርዳለች። ዝሆኖቹ ፍርዱን የሰሙ አይመስሉም፤ ከሁለቱም ወገን እየዋኙ ይመጣሉ። ከእናቷ ኋላ የምትዋኝ ግልገል አየሁ። ከውሃው በላይ የሚታየው ኩምቢዋ ብቻ ነው፤ እንደ ጭስ ማውጫ። ደሴቷ ላይ ስትወጣ ግማሽ አካሏ ጥቁር፣ ግማሹ በደረቀ አቧራ ግራጫ ነበር።

ኦካቫንጎ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ተበትኖ የሚቀር ነው። ዝናቡ የሚዘንበው አንጎላ ደጋ ላይ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ወራት ተጉዞ እዚህ የሚደርሰው እዚህ ዝናብ በሌለበት ደረቅ ወቅት ነው። ስለዚህ አገሩ ሲደርቅ እሱ ይሞላል፤ እንስሳው ሁሉ ወደዚያ ነው። ሞኮሮ በሚሏት ጠባብ ታንኳ ተቀምጠሽ፣ ከኋላሽ የቆመው ሰው በረጅም ዘንግ ይገፋሻል። የጣና ታንኳ ያየ ሰው አይደነግጥም። ድምፅ የለም፤ ሸንበቆው ጎንሽን ሲነካሽ ብቻ ይንሿሿል። ሸንበቆው ላይ የጥፍር ያህል እንቁራሪት ተለጥፋ አየሁ፤ ዓይኗ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ቀዛፊው ዘንጉን ውሃ ውስጥ ተክሎ አቆመን። "ጠብቁ" አለ። ከፊታችን ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። ጉማሬ ነው። እስኪያልፍ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ሰብለ፣ ካንቺ ዝሆን አያንስም።

ክፋቱ ዋጋው ነው። ጥቂት ሰው ይምጣ፣ የመጣውም ብዙ ይክፈል ነው ፖሊሲያቸው። ድንኳን ይዘሽ ሜዳ ላይ ካላደርሽ በቀር ማደሪያው የሱቅ ትርፍሽን ይውጠዋል። ቪዛውን ደግሞ ከሁሉ በፊት ጠይቂ፤ የኛ ፓስፖርት ነገር ታውቂዋለሽ።

ሊምፖፖ

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ልጻፍ።

እኔ ይህንን ጫካ መጀመሪያ ያየሁት በእግሬ ነው። ከ14 ዓመት በፊት ከሆሳዕና ተነስቼ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌ። የመጨረሻዋ ሌሊት የድንበሩ ወንዝ ሊምፖፖ ላይ ነበርን። ደላላው "ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋ ነው፤ ዝም ብላችሁ ተራመዱ" አለን። እውነትም አሸዋ ነበር። መሀል መሀሉ ላይ ግን የቀረ ኩሬ አለ። "ከኩሬው ራቁ" አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። 11 ነበርን። ከፊቴ ያለውን ልጅ የሹራብ ጫፍ ይዤ ነበር የምሄደው፤ በጨለማ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ከኋላችን የሆነ ነገር ከአሸዋው ወደ ውሃው ገባ። ከባድ ነበር። ማንም ዞሮ አላየም። ማንም አልጮኸም። እኔ ሹራቡን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሁላችንም ተሻገርን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ለብዙ ዓመት ቴሌቪዥን ላይ የዱር እንስሳ ከመጣ ጣቢያ እቀይር ነበር። ባለቤቴ ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጄን ትምህርት ቤት ስለ ሊምፖፖ አስተማሯት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። "አባዬ፣ ወስደህ አሳየኝ" አለች። እምቢ ማለት ከበደኝ። በክሩገር ሰሜን ጫፍ፣ በፓፉሪ በኩል ወሰድኳት። ሉቩቩ ወንዝ ከሊምፖፖ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ሞዛምቢክ የሚነካኩበት። ክሩክስ ኮርነር ይሉታል፤ የወንጀለኞች ማዕዘን እንደማለት። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም የዝሆን ጥርስ አዳኞችና ሕገወጥ ሰዎች የሚሸሸጉበት ነበር። የአንዱ አገር ፖሊስ ሲመጣ ጥቂት እርምጃ ተራምደው ሌላ አገር ይገባሉ። ልጄ ይህን ካነበበችልኝ በኋላ ሳቅኩ። ስሙ ለኔ የወጣ መሰለኝ። ለምን እንደሳቅኩ አልገባትም።

መኪና ውስጥ ተቀምጠን ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳሁ። ቅርፊታቸው አረንጓዴ ቢጫ የሆነ ግራሮች አሉ፤ ቀለም የተቀቡ ይመስላሉ። ማዶ አሸዋው ላይ አዞ ተኝቷል። ልጄ መቁጠር ጀመረች። "አባዬ ሰባት ናቸው" አለች። እኔ ኩሬው ትዝ አለኝ።

"እዚህ ወንዝ መጥተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።
"አዎ፤ ከዚህ ትንሽ ወደላይ። በሌሊት።"
"ታዲያ ምን አየህ?"
"ሹራብ" አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሻዩ እስኪያልቅ እዚያው ቆየን።

ቆጣቢው

ወንድሜ ሊምፖፖ። እኔም በዚያው ወንዝ ነው የገባሁት። ከላይ የጻፍኩትን አላጠፋውም፤ ግን ከዚህ በላይ አልከራከርም።

የሜሪላንዷ_እህት

ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩት። ሽንት ቤት ገብቼ ነው የወጣሁት።

ጋሽ_ሹፌሩ

እኔ ክሩክስ ኮርነር ሰው ይዤ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። የአዳኞቹን ተረት አወራለሁ፤ ቱሪስቱ ይስቃል፤ እንመለሳለን። ከእንግዲህ እዚያ ስቆም ምን እንደማወራ አላውቅም ልጄ።

ሰብለ_ጆበርግ

ሦስት ቀን ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ቆየሁ። እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉት ልጆች ግን አብዛኞቹ በዚያው መንገድ ነው። አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ውሳኔያችን ይኸው። ኦካቫንጎና ኢቶሻ ገንዘብ እስኪጠራቀም ይቆያሉ። ነሐሴ ላይ መጀመሪያ ፓፉሪ እንሄዳለን። ሊምፖፖ ወንድሜ፣ ካልከበደህ ከነቤተሰብህ አብረን ብንሄድ ደስ ይለናል። ከከበደህም እንረዳለን፤ ምክርህን ብቻ ስጠን።

ሊምፖፖ

አይከብደኝም። ፑንዳ ማሪያ ካምፕ ላይ እደሩ፤ ነዳጅም እዚያው ሙሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ወንዙ ማደያ የለም። አንበሳ አትጠብቁ፤ ሰሜኑ ለወፍና ለባኦባብ ዛፍ ነው የሚሆነው። ወባ ስላለ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፣ በተለይ ለልጆቹ። የሚጠጣ ውሃ በብዛት ያዙ። ፓፉሪ የሽርሽር ቦታው ላይም ጦጣ አለ፤ ዶሮ ወጡን ክዳን ባለው ነገር አምጪው።

ልጄ ሰምታ ከአሁኑ ቀን እየቆጠረች ነው። አዞ የምትቆጥረው እሷ እንደሆነች ለእህትሽ ልጆች ንገሪያቸው።